የበጋን ወተት ለብርድ ወራት የሚያቆየው ገበታ

በሊባኖስ አነስተኛ አርሶ አደሮች ምርታቸውን ያለ ደላላ ለሸማቹ እንዲሸጡ፣ ሱቅ ኤል ጣይብ የተባለ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2004 በቤይሩት ተከፈተ። በ2009 ደግሞ ገበያው ጣውለት የተሰኘ ምግብ ቤት ወለደ። በእርሻ ቀጣናው በበቃ ሸለቆ፣ በአሚቅ ቅርንጫፍ አለው። ወጥ ቤቱን የያዙት የቤታቸውን ሙያ ይዘው የመጡ የገጠር ሴቶች ናቸው።

በጾም ወራት ወተት ገዥ ለሚያጣባቸው ወረዳዎች ግን ይበልጥ ሊጤን የሚገባው፣ ኪሽክ የተባለው የአገሬው ምግብ ነው። ስንዴ ተቀቅሎ፣ ደርቆ እንደ ቅንጬ ይከካል። ከእርጎ ጋር ተለውሶ ለቀናት ይብላላል፤ በፀሐይ ደርቆም በእጅ ታሽቶ ዱቄት ይሆናል። ያለ ማቀዝቀዣ እስከ ብርዱ ወራት ይቆያል፤ ያኔ ትኩስ ሾርባ ይሠራበታል። ኪሽክ የምታዘጋጅ ባለ ላም፣ ወተቷን በረከሰበት ሰሞን ለመሸጥ አትገደድም።