ጥቅል፣ ቅንጅትና ውሕደት፦ ቴሌቪዥንና ስልክ በአንድ መስመር ስለሚቀርቡበት አሠራርና ስለ ስያሜዎቹ

አንድ የቴሌኮም ድርጅት «ስልክ፣ ኢንተርኔትና ቴሌቪዥን በአንድነት አቀርባለሁ» ብሎ ሲያስታውቅ፣ «በአንድነት» የተባለው ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል። የአገልግሎቶቹ ዋጋ በአንድ ሂሳብ ተደምሮ ይከፈል ይሆናል፤ ወይም ሁሉም በአንድ መስመር ተጭነው ይመጡ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ አንዱ አገልግሎት ሌላውን ዐውቆ፣ ስልክ ሲጠራ የደዋዩ ስም በቴሌቪዥኑ ላይ የሚታይበት፣ ሳሎን ውስጥ የተጀመረ ፊልም በእጅ ስልክ ካቆመበት የሚቀጥልበት ሁኔታ ይፈጠር ይሆናል። የዘርፉ ባለሙያዎች ለሦስቱም «ኮንቨርጀንስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ይጠቀማሉ። በአማርኛ ደግሞ ተርጓሚው እንደ ፈቃዱ ጥቅል፣ ጥምረት፣ ቅንጅት፣ ውሕደት እያለ አንዱን በሌላው ሲተካ እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ ቃላቱ እንዲህ የሚለዋወጡ አለመሆናቸውን፣ እያንዳንዱም በአሠራሩ ውስጥ የየራሱ ቦታ ያለው መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ውል የሚፈርመው ደንበኛ ምን እንደገዛ የሚያውቀው በቃሉ ነውና።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ነባሮቹ ስሞች ጥቂት እንበል። «ቴሌ» በግሪክኛ «ሩቅ» ማለት ሲሆን፣ ቴሌፎን የሩቅ ድምፅ፣ ቴሌቪዥን ደግሞ ከላቲን ቃል ጋር ተዳቅሎ የሩቅ እይታ ማለት ነው። ሁለቱ በስማቸው እኅትማማቾች ናቸው። አማርኛ ግን ቴሌፎንን ትቶ «ስልክ» የሚለውን መርጧል፤ ይህም ከዐረብኛ የመጣና ክር ወይም ሽቦ ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ «ሽቦ አልባ ስልክ» ስንል፣ ሥርወ ቃሉን ከተከተልን፣ «ሽቦ የሌለው ሽቦ» ማለታችን ነው፤ ሆኖም ማንም ሲደናገር አላየንም። «ቴሌ» የተባለው ቅጥያም በሕዝቡ አፍ የድርጅት መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። «ቴሌ ደርሼ መጣሁ» የሚል ሰው ሩቅ አልሄደም።

ስልክ ወደ ሀገራችን እ.ኤ.አ. በ1894 በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲገባ፣ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ የመጡት በተለያየ መንገድ ነበር፤ ይህም የሆነው በአጋጣሚ ሳይሆን ከጠባያቸው የተነሣ ነው። ስልክ የሁለት ሰዎች ወግ ነው። አንድ ሰው ሲደውል በማዞሪያ ጣቢያው አማካይነት ከርሱ እስከ ተጠሪው ድረስ አንድ መስመር ይያዝለታል፤ ዝም ቢሉም መስመሩ የነርሱ ነው፤ እስኪዘጉት ድረስ ሌላ ሰው አይገባበትም። ቴሌቪዥን ግን በአደባባይ የሚለፈፍ አዋጅ ነው። ከአንድ ማማ የወጣው ሞገድ አንቴና ላለው ሁሉ እኩል ይደርሳል፤ ተመልካቹ ይሰማል እንጂ አይመልስም፤ ላኪውም ማን እንደሰማው አያውቅም። በወግና በአዋጅ መካከል ያለውን ይህን ልዩነት አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ የኋላው ነገር ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነውና።

ሁለቱን ያቀራረባቸው ድምፅም ምስልም ወደ ቁጥር መለወጣቸው ነው። ቁጥር ከሆኑ በኋላ በትንንሹ ተቆራርጠው፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ተጽፎበት በኢንተርኔት ሥርዐት ይላካሉ። ይህን ቁራጭ ባለሙያዎች «ፓኬት» ይሉታል። አንዳንዶች «ጥቅል» ብለው ሲተረጉሙት አይተናል፤ እኛ አንቀበለውም። «ጥቅል» በሀገራችን የቴሌኮም ገበያ የድምፅ፣ የዳታና የአጭር መልእክት መጠን በአንድ ዋጋ ተደርቦ የሚሸጥበት ስም ሆኗልና፣ አንድን ቃል ለሁለት ነገር ማዋል በአንድ ዘርፍ ውስጥ አይገባም። በበኩላችን «እሽግ» የሚለውን እንመርጣለን። እሽግ ተዘግቶ አድራሻ የተጻፈበትን ነገር ያስታውሳል፤ በውስጡ ያለው ድምፅ ይሁን ምስል ከውጭ ሲታይ አይለይም። የነገሩም ዋና ፍሬ ይኸው ነው፤ አውታሩ የሚያመላልሰው እሽግ እንጂ ወግ ወይም አዋጅ አይደለም። በዚህ ደረጃ ሁለቱ አገልግሎቶች በእርግጥ አንድ ዐይነት ሆነዋል። ስለሆነም «ውሕደት» የሚለው ቃል የሚገባው ለዚህ፣ ማለትም ለአውታሩ ደረጃ ነው፤ ሁለት የነበረው አንድ ሆኖ፣ መልሶ የማይለይበት ስለሆነ።

አሠራሩ በገበያ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት የፈረንሳይን ምሳሌ እንውሰድ። «ፍሪ» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 «ፍሪቦክስ» የሚባል ሳጥን ለደንበኞቹ አቀረበ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ በዚያው ሳጥንና በነባሩ የመዳብ የስልክ ሽቦ ቴሌቪዥን ማስተላለፍ ጀመረ፤ ኢንተርኔቱን፣ ስልኩንና ቴሌቪዥኑን በወር 29.99 ዩሮ ሸጠ። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 የእጅ ስልክ ጨመረበት። በሆንግ ኮንግ ደግሞ «ፒሲሲደብልዩ» የተባለው የስልክ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 በተመሳሳይ ዘዴ የቴሌቪዥን አገልግሎት ከፍቷል። በሁለቱም ዘንድ ልብ ሊባል የሚገባው አዲስ ሽቦ አለመዘርጋቱ ነው። ለንግግር ብቻ የተዘረጋው ቀጭን መዳብ ምስል ተሸከመ።

ለመሆኑ ቀጭን መስመር በመቶ የሚቆጠሩ ጣቢያዎችን እንዴት ቻለ? አልቻለም፤ አልተጠየቀምም። በሀገራችን ቤቶች ጣራ ላይ የተተከለው ዲሽ ጣቢያዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ሪሲቨሩም ከመጣው መካከል አንዱን ይመርጣል። በስልክ መስመር ግን ምርጫው የሚካሄደው ከቤት ውጭ ነው። ተመልካቹ ሪሞቱን ሲጫን ሳጥኑ ወደ ድርጅቱ መሣሪያ «ያን ጣቢያ አቋርጥ፣ ይህን ላክ» የሚል ጥያቄ ይልካል፤ በመስመሩም የሚመጣው የተጠየቀው ጣቢያ ብቻ ነው። ጣቢያ ሲለወጥ ምስሉ ለጥቂት ጊዜ የሚዘገየው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ በከፊል ደግሞ ሳጥኑ ሙሉ ሥዕል የያዘው እሽግ እስኪደርሰው መጠበቅ ስላለበት ነው፤ ምስል የሚላከው አልፎ አልፎ በሙሉ፣ በመካከሉ ግን የተለወጠው ብቻ እየተነገረ ነውና። አንድን የቀጥታ ሥርጭት ሺህ ቤቶች ቢመለከቱትም ድርጅቱ ሺህ ቅጂ አይልክም፤ መንገዱ እስኪለያይ ድረስ አንድ ቅጂ ይልክና መለያያው ላይ ያባዛዋል። ይህን «የወል ሥርጭት» ብንለው፣ አንድ ሰው ለብቻው መርጦ የሚያየውን ፊልም ደግሞ «የተናጠል ሥርጭት» ብንለው፣ በሰዋስው ትምህርት የወልን ስም ለተማረ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም።

ከዚህ ላይ «ሪሲቨር» ስለሚባለው ነገር አንድ ሐሳብ እንሰንዝር። ቃሉን «ተቀባይ» ብለን እንዳንተረጉመው እንመክራለን፤ የቴሌኮሙ ሳጥን የሚቀበል ብቻ ሳይሆን የሚጠይቅም ነው፤ አዋጅ ሰሚው አፍ ያወጣው በዚህ ሳጥን ነው። ፈረንሳዮች ለዚህ ዕቃ «ቧትዬ ሚልቲሰርቪስ»፣ ማለትም ባለብዙ አገልግሎት ሳጥን፣ የሚል መደበኛ ስያሜ አላቸው፤ ሕዝቡ ግን «ላ ቦክስ» ይላል። እኛም ባለብዙ ቃል ስያሜ አውጥተን ማንም ሳይጠራው ከሚቀር፣ ባጭሩ «ሳጥን» ብንል ይሻላል። የእጅ ስልኩን ዕቃ «ቀፎ» ያለው ሕዝብ ሳጥን ለማለት አይቸግረውም።

እስከዚህ ያየነው ስለ መስመሩ ነው። እሽጎች በአንድ መስመር ስለመጡ ብቻ ግን ስልኩና ቴሌቪዥኑ አይተዋወቁም። እንዲተዋወቁ ድርጅቱ ደንበኛውን በአንድ ማንነት መመዝገብ አለበት። በስልኩ በኩል «አይኤምኤስ» የተባለ ሥርዐት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ገደማ መጀመሪያ ለእጅ ስልክ አውታሮች የተነደፈ ነው። በዚህ ሥርዐት አንድ ደንበኛ በአንድ ቁጥር ብዙ መሣሪያዎችን ያስመዘግባል፤ ሲደወልለት ሁሉም ይጠራሉ፤ ባነሣበት ንግግሩ ይቀጥላል። በቴሌቪዥኑ በኩል ደግሞ ማን ምን ለማየት መብት እንዳለው፣ የት ላይ እንዳቆመ የሚመዘግብ ሌላ መዝገብ አለ። ሁለቱን መዝገቦች የሚያገናኝ አሠራር ሲበጅ፣ ጥሪ ሲመጣ ቴሌቪዥኑ የደዋዩን ማንነት ያሳያል፤ ተመልካቹ ቢያነሣ ምስሉ ይቆምለታል። ፊልሙ ወደ ቀፎ የሚዛወረውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ የሚተላለፈው ፊልሙ ሳይሆን «እዚህ ላይ ቆሟል» የሚለው ማስታወሻ ነው። ፊልሙ አስቀድሞ ጥቂት ሰከንዶች በሚረዝሙ ቁራጮች ተከፍሎ፣ እያንዳንዱም በተለያየ የጥራት ደረጃ ተዘጋጅቶ ስለተቀመጠ፣ ቀፎው መስመሩ የሚችልለትን ደረጃ እየመረጠ ይጠራዋል። ትልቁ ቴሌቪዥንና ትንሹ ቀፎ አንድ ፊልም አዩ ብንልም የተቀበሉት ቁጥር ግን የተለያየ ነው።

እንግዲህ ይህን ሦስተኛውን ነገር ውሕደት ልንለው እንችላለን? አንችልም። ሁለቱ መዝገቦች እንደተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራል፤ ድርጅቱ ቴሌቪዥኑን ከሌላ አቅራቢ ገዝቶ ስልኩን ራሱ ሊያካሂድ ይችላል። ለዚህ የሚስማማው ቃል «ቅንጅት» ነው። ቃሉ የገበሬ ነው። አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምደው የሁለቱንም ማሳ በየተራ ያርሳሉ፤ ይህም መቀናጆ ይባላል። ቀንበሩ አንድ ነው፤ በሬዎቹ ግን የየባለቤታቸው ናቸው፤ ማታ ወደየበረታቸው ይገባሉ። አንዱ በሬ ቢታመም እርሻው ይቆማል፣ የሌላው ባለቤትነት ግን አይነካም። ከዚህ የበለጠ የሁለት አገልግሎቶችን ትብብር የሚገልጽ ቃል ከየት ይመጣል? በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቃሉ የፖለቲካ ድርጅት መጠሪያ ሆኖ ስለነበር ለቴክኒክ ቋንቋ አይመችም የሚሉ እንዳሉ እናውቃለን። የድርጅት ስም ያልፋል፤ ቃሉ ግን ከቀንበሩ ጋር የኖረ ነው።

የመጀመሪያው ነገር፣ ማለትም የዋጋው መደመር፣ «ጥቅል» መባሉን እንደጸና እንቀበለዋለን። ልንከራከር የምንወደው ድርጅቶች ጥቅል ሸጠው ቅንጅት ወይም ውሕደት የሚል ስም ሲሰጡት ነው። በጥቅል ውስጥ ያሉ አገልግሎቶች በተለያየ መስመር፣ በተለያየ ድርጅት ጭምር ሊመጡ ይችላሉ፤ የሚያገናኛቸው ደረሰኙ ብቻ ነው። ይህም በራሱ ነውር የለበትም፤ ለብዙ ቤተሰብ የሚጠቅመው ቅናሹ ሊሆን ይችላል። በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሲቋቋም ደንበኛው አማራጭ ድርጅት አልነበረውም፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት መስጠት ስለጀመረ ግን ማስታወቂያን ከማስታወቂያ ማወዳደር አስፈላጊ ሆኗል፤ ማወዳደርም የሚቻለው ቃላቱ አንድ ዐይነት ትርጉም ሲኖራቸው ነው።

በአንጻሩ ውሕደት የተፈጸመበት ቤት ሌላ ነገር ሊነገረው ይገባል። የድሮው የመዳብ ስልክ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከማዞሪያ ጣቢያው ባትሪዎች በዚያው ሽቦ ነበር፤ በመሆኑም ሰፈሩ መብራት ቢጠፋበትም ስልኩ ይሠራል። ስልኩ ወደ እሽግ ተለውጦ በሳጥን በኩል በሚያልፍበት ቤት ግን፣ መብራት ሲጠፋ ሳጥኑ ይጠፋል፤ ከርሱ ጋር ቴሌቪዥኑ ብቻ ሳይሆን የቤት ስልኩም ይጠፋል። ቀፎ በኪሱ ለያዘ ጎልማሳ ይህ ቀላል ነው። የቤት ስልክ ብቻ ለምታውቅ፣ ሌሊት አምቡላንስ ለሚያስፈልጋት አሮጊት ግን ቀላል አይደለም። በፋይበርም ቢሆን ነገሩ ያው ነው፤ ብርሃን የሚያልፍበት የመስተዋት ክር ኤሌክትሪክ አይሸከምም። «የተዋሐደ አገልግሎት» የሚል ውል የሚፈርም ደንበኛ ከቃሉ ሊረዳው የሚገባው አንዱ ነገር ይህ ነው፤ አንድ የሆነ ነገር ሲወድቅ በአንድነት ይወድቃል።

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ይህን ዐይነት ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2006 ሲበይን፣ የአገልግሎት ጥራትን፣ ደኅንነትን፣ አስተማማኝነትንና ምልልስን ለማረጋገጥ የሚተዳደር አውታር እንደሚያስፈልገው በብያኔው አስገብቷል። «የሚተዳደር» የምትለዋ ቃል የድርጅቱን ቴሌቪዥን በክፍት ኢንተርኔት ከሚታየው ቪዲዮ ትለያለች፤ በመጀመሪያው መንገዱን የሚጠብቅ ኀላፊ አለ፣ በሁለተኛው የለም። በአማርኛ ውሎች ውስጥ ሁለቱም «የኢንተርኔት ቴሌቪዥን» እየተባሉ ከተጻፉ፣ ምስሉ በተቆራረጠ ጊዜ ደንበኛው ማንን እንደሚጠይቅ ከውሉ ሊያገኘው አይችልም። ለመጀመሪያው «የመስመር ቴሌቪዥን» የሚል ስያሜ እናቀርባለን፤ «የመስመር ስልክ» የሚለው አነጋገር በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ ስለሆነ መንገዱ የተጠረገ ነው። ለሁለተኛው «የኢንተርኔት ቴሌቪዥን» የሚለው እንዳለ ይቆይ። የ«ሳጥን»ንና የ«እሽግ»ን ጉዳይ በሚመለከት የተለየ ሐሳብ ያላቸው አንባቢያን፣ በተለይም በሙያው ላይ የተሰማሩት፣ በሥራ ቦታቸው በየዕለቱ የሚጠሩበትን ቃል ጽፈው ቢልኩልን በሚቀጥለው የቃላት ዝርዝር ውስጥ አብረን እንመረምረዋለን።