ያውቁ ኖሯል? ኦቲዝምና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት

የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) በሚከታተላቸው አካባቢዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ከ150 የስምንት ዓመት ልጆች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ተለይቶ ነበር። በ2022 ቁጥሩ ከ31 አንድ ደርሷል። ለጭማሪው መስፈርቱ መስፋቱና ምርመራው መለመዱ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ድሮ «የአእምሮ ዝግመት» ተብለው ብቻ ይመዘገቡ የነበሩ ብዙ ልጆች ዛሬ በትክክል ይለያሉ።

ወንዶቹ ከሴቶቹ በ3.4 እጥፍ ይበልጣሉ። ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 ኦቲዝምን ሲገልጽ ካጠናቸው 11 ልጆች 8ቱ ወንዶች ነበሩ። ግን ሴቶቹ ብዙ ጊዜ ሳይታዩ ያልፋሉ፤ ብቻዋን የምትጫወተውን «ጭምት ናት» ብለን እናሞግሳታለንና።

ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ የተስፋፋው በ1998 በ12 ልጆች ላይ ብቻ ተሠርቶ በወጣ ጽሑፍ ነው። ያሳተመው ላንሴት መጽሔት በ2010 ሰርዞታል። በዴንማርክ ከ650,000 በላይ ልጆችን የተከታተለ ጥናትም ምንም ግንኙነት አላገኘም።

ኦቲዝም እርግማንም አይደለም። እናቲቱ ያጠፋችው ነገር የለም፤ ልጇን ከጎረቤት የምትደብቅበት ምክንያትም የለም። በአዲስ አበባ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ለእነዚህ ልጆች ጆይ ማዕከልን የከፈቱት፣ እሳቸውም ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሆነው ነው።

«ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» እየተባለ ስንት ወር ይባክናል! ምልክቱ ከንግግር በፊት ይታያል። ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም። አውሮፕላን ሲያልፍ «ያ!» ብሎ በጣቱ አያሳይም። ውኃ ሲጠማው ፊትዎን ሳያይ እጅዎን እንደ ዕቃ ይዞ ወደ ማቀዝቀዣው ይጎትታል። አንዱ ምልክት ብቻውን ኦቲዝም ነው አያሰኝም፤ ለማስመርመር ግን በቂ ምክንያት ነው። የመስማት ምርመራም አብሮ ይደረግ።

አሜሪካ ላሉ ወላጆች፦ ልጁ ሦስት ዓመት ካልሞላው የሐኪም ወረቀት ሳይጠብቁ የግዛቱን የቅድመ ድጋፍ ቢሮ ራሳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ግምገማው በነፃ ነው፤ አስተርጓሚም ጠይቁ። «አማርኛ ተዉና በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» ቢሏችሁ አትቀበሉ፤ ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ እንደሚጎዳ ጥናቶች አላሳዩም።

ልጅዎ 18 ወር ሞልቶት በጣቱ ካላሳየ ሌላ ልደት አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ያስመርምሩት።