ውፍረት ቀስ በቀስ ስለሚመጣበት ምክንያት



ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ ወጥቶ በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት የተቀጠረ ሰው ለገና ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ዘመዶቹ በመጀመሪያ የሚናገሩት ቃል «እንዴት አምሮብሃል፤ ተመችቶህ ወፈርህ!» የሚል ነው። የዝናም መጥፋትን፣ ውርጭንና ረኀብን ደጋግሞ ባየ አገር ክሳት የችግር፣ ውፍረትም የድሎት ምልክት ሆኖ ቢቆጠር አያስገርምም። ሰውየውም ምስጋናውን ተቀብሎ፣ ቀበቶው ካምናው አንድ ቀዳዳ መላላቱን ሳያስተውል ይመለሳል።

ይህ ሰው በሃያ ዓመቱ ሥራ ይዞ በአርባ ዓመቱ ራሱን በመስታወት ሲያይ «ዕድሜ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ብዙዎቻችንም ስንል የኖርነው ይህንኑ ነው። ነገር ግን በነሐሴ 2013 ዓ.ም. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ፣ ከ29 አገሮች የተገኙ ከ6,400 የሚበልጡ ሰዎችን የመረመረ ጥናት እንደ ገለጸው፣ የሰውነት መጠን ታስቦ ሲመዘን ሰው በቀን የሚያቃጥለው ኃይል ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ እምብዛም አይለወጥም። መቀነስ የሚጀምረው ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ የአርባ ዓመቱ ሰው በዕድሜው ላይ ሊያሳብብ አይችልም።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው? የመንዝ ገበሬ በዚያ ብርዳም ደጋ በበሬ ያርሳል፤ ገብሱን ያጭዳል፤ ይወቃል፤ ለገበያም ዳገት ቁልቁለቱን ይጓዛል። የመርሐቤቴ ሰው ደግሞ ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ መልሶ ይወጣል። በሶውንና ቆሎውን ቢበላ፣ ጠላውንም ቢጠጣ፣ ሥራው ይጨርሰዋል። ይኸው ሰው ከተማ ሲገባ ሆዱ የአገሩን ልማድ አይረሳም፤ እግሩ ግን ይረሳል። በመጀመሪያው ዓመት ወደ ቢሮ በእግሩ ይሄዳል፤ ደመወዙ ሲጨምር ታክሲ ይሳፈራል፤ ሹመት ሲያገኝ መኪናው ከደጁ ይነሣል፤ ፋይሉንም ተላላኪ ያመጣለታል። በቀን ሁለት ጊዜ ይጠጣው የነበረው ሻይም አራት ይሆናል።

በአንድ ሻይ ውስጥ ያለው ሁለት ማንኪያ ስኳር 30 ካሎሪ ያህል ነው። ይህን ትርፍ ሆድ አያውቀውም፤ ረኀብም አይቀንስለትም። በባለሙያዎች ስሌት ግን በየቀኑ ሳያቋርጥ 24 ካሎሪ ያህል የሚያተርፍ ሰው፣ በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ 1 ኪሎ ይጨምራል። ከዚያም የከበደው ሰውነት ራሱ ብዙ ኃይል ስለሚፈጅ ጭማሪው በዚያው ይረጋል። እንግዲህ ክብደቱ ከዓመት ዓመት መጨመሩን ካላቋረጠ፣ ትርፉም አንድ ስፍራ አልቆመም ማለት ነው፤ ይኸውም ዘንድሮ አንድ ጉርሻ ተጨምሯል፣ ወይም አንድ መንገድ ከእግር ወደ መኪና ተዛውሯል።

«እኛ ጿሚዎች ነን» የሚልም አይጠፋም። እርግጥ ነው፤ ምእመናኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማሉ። ነገር ግን የከተማው የጾም ወጥ ብዙ ጊዜ ዘይት የጠገበ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ 120 ካሎሪ አለው። ሥጋውንስ ትተናል፤ ዘይቱን ማን ይለካዋል?

ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስቸገርናችሁ ነበር። በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት መንገድ ይጠርጋል፤ ሁለቱም ለብዙ ጊዜ ሳይታወቁ የሚኖሩ ናቸው። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመጠን ያለፈ ክብደት የነበራቸው ከመቶ 3 ያህል ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 8 ሆነዋል። የከተማዎቹም ከገጠሮቹ እጅግ ይበልጣሉ።

የተጨመረው በጥቂት በጥቂቱ እንደ ሆነ ሁሉ የሚመለሰውም እንዲሁ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ኪሎ ሜትር በእግሩ ሲሄድ 50 ካሎሪ ያህል ያቃጥላል፤ ይህም ከአንድ ሻይ ስኳር ይበልጣል። ከቢሮው አንድ ፌርማታ ቀድሞ ከታክሲ የሚወርድ ሠራተኛ፣ የቀበቶውን ቀዳዳ በየዓመቱ በገና ሰሞን እየተመለከተ ሒሳቡን ራሱ ሊቈጣጠር ይችላል።