ልጁን በማይክሮፎን የነዳው አባት

ስፖርትን በሬዲዮ ሰምተን ላደግን ሰዎች ጥሩ አስተላላፊ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የጋሽ ደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ የሩቅ አገር ሰው ልጻፍላችሁ። ኔድ ጃሬት ይባላል፤ በአሜሪካ መጀመሪያ የመኪና እሽቅድምድም ሻምፒዮን፣ በኋላም የዚያው ውድድር ተወዳጅ አስተላላፊ ነበር።

ኔድ ይወዳደርበት በነበረው፣ ናስካር በሚባለው ውድድር ላይ የሚሮጡት መኪኖች ከውጭ ሲታዩ የቤት መኪና ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን ለውድድር ተብሎ የተሠራ ነው። በ1961 እና በ1965 እ.ኤ.አ. ሻምፒዮን ሆነ፤ 50 ውድድር አሸንፎ ገና በ34 ዓመቱ መሪውን ለቀቀ።

ሻምፒዮን ሲሆን በየመድረኩ ንግግር አድርግ ይሉት ጀመር። በሰው ፊት መናገር ግን ይከብደው ነበር። ስለዚህ የዴል ካርኔጊ የንግግር ኮርስ ገብቶ ተማረ። በኋላ በሬዲዮም በቴሌቪዥንም የተወደደለት አንደበት በትምህርት የመጣ ነው። ይህን የምናገረው፣ እኛ ዘንድ አስተላላፊነት ከተፈጥሮ ብቻ የሚገኝ ስለሚመስለን ነው።

አሁን ወደ የካቲት 14 ቀን 1993 እ.ኤ.አ. እንሂድ። ዴይቶና 500 የሚባለው ውድድር ነው፤ አንዱ ዙር 4 ኪሎ ሜትር፣ ጠቅላላው 200 ዙር። 800 ኪሎ ሜትር ማለት ከነቀምት አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ሆኖም ይተርፋል። ኔድ በዘመኑ ይህን ውድድር አሸንፎ አያውቅም። መጨረሻው ዙር ላይ ሁለት መኪኖች ተያያዙ፦ የአምስት ጊዜ ሻምፒዮኑ ዴል ኧርንሃርት፣ እና የኔድ ልጅ ዴል ጃሬት። ውድድሩን የሚያስተላልፈው የሲቢኤስ ቴሌቪዥን አዘጋጅ በጆሮ ማዳመጫው ኔድን፣ ይህን ዙር አንተው አስተላልፈው አለው።

ኔድ ለተመልካቹ ማውራቱን ትቶ ልጁን ማናገር ጀመረ። ልጁ ግን አይሰማውም። ውስጠኛውን መስመር ያዝ፣ ከውስጥ በኩል እንዳያልፍህ ይለዋል፤ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦታል፣ ከዚህ በላይ የሚያደርገው የለም ይለናል። በመታጠፊያ ላይ ውስጡን የያዘ መንገዱ ያጥርለታል፤ ሌላው በውጭ በኩል ዞሮ መምጣት አለበት። ቀደም ብላችሁ ስለዚህ ስፖርት ምንም ባታውቁ እንኳ፣ በዚያች ደቂቃ ጨዋታው ይገባችኋል። አባትየው ሲጨነቅ ከአፉ የወጣው የሹፌር ምክር ነበርና። ካሜራው እናትየውን ማርታን መኪና ውስጥ ሆና ስትጸልይ አሳያት። ልጁ አሸነፈ።

ኔድ በኋላ አድልቻለሁ ብሎ ተጨነቀ፤ ኧርንሃርትን ሄዶ ይቅርታ ጠየቀው። ኧርንሃርት ደግሞ እኔም አባት ነኝ ብሎ አረጋጋው። በበኩሌ ይቅርታው የሚያስፈልግ አይመስለኝም። አባትና ልጅ መሆናቸው ምስጢር አልነበረም፤ ኔድም ማንን እንደሚደግፍ አልደበቀም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእኛ ለወለጋ ከተሞች ብዬ ነው። ወለጋ ስታዲየም አጠገባችሁ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች መካከል ኳስ ተጫውተው ያለፉ አሉ። ተከላካዩ የት ቆሞ መሳሳት እንደጀመረ፣ ጎል ሳይገባ በፊት ይነግሯችኋል። ከጊምቢ ደምቢ ዶሎ በዝናብ ጭነት ሲያመላልሱ የኖሩ ሹፌሮችም ስለ መታጠፊያና ስለ ፍሬን የሚናገሩትን አንድም የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ አልሰማሁትም። እነዚህ ሰዎች በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ማይክሮፎን ሊሰጣቸው፣ ኔድ እንዳደረገውም ጥቂት ወር የንግግር ሥልጠና ሊያገኙ ይገባል።

በነቀምት፣ በሻምቡ፣ በነጆ፣ በጊምቢ እንዲህ አድርጎ ጨዋታ ወይም መንገድ የሚያስረዳ አንጋፋ ካወቃችሁ፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ድምፁን ቀድቼ እዚሁ ቻናል ላይ አወጣለሁ፤ የከተማችን የሬዲዮ አዘጋጆችም እንዲሰሙት እወስድላቸዋለሁ።