ለምዳው አይደለም

ባል ሚስቱን ክፉኛ ጎዳ የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር ጥያቄው ወደ ሴቲቱ ይዞራል፤ «ይሄን ሁሉ ዓመት ስትደበደብ ለምን ጥላው አልሄደችም?» መልሱም አይዘገይም፤ «ለምዳዋለች»። ደፈር ያለው «ካልመታት የሚወዳት አይመስላትም» ብሎ ይጨምርበታል። ይህን የሥነ ልቦና ትምህርት ያረጋገጠው ነገር አስመስለው የሚያወሩ ሰዎች ሲገጥሙኝ ትዕግሥቴ ያልቃል።

ቁጥሮቹን በአጭሩ ላንሳ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ከ15 እስከ 49 ዓመት ሴቶች መካከል 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ውስጥ እርዳታ የጠየቁት 23 በመቶ ብቻ ናቸው፤ 66 በመቶዎቹ ለማንም አልተነፈሱም። «ለምደውታል» ባዮች የሚያውለበልቡት ይህንኑ 66 ነው።

ሐሳቡ የተወለደው ከቤተ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር ማምለጥ የማይችሉ ውሾችን በኤሌክትሪክ ነዘሩ። በማግስቱ ዝቅተኛ አጥር ዘለው መዳን በሚችሉበት ሣጥን ውስጥ ሲያስገቧቸው፣ ብዙዎቹ ተኝተው ንዝረቱን ተቀበሉ። ተመራማሪዎቹ «አቅመ ቢስነትን ተምረዋል» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሌኖር ዎከር ይህንኑ ሐሳብ ለተደበደቡ ሴቶች አዋሰችው። ዓላማዋ ሴቶቹን ከወቀሳ ማዳን ነበር፤ ሰፈር የደረሰው ግን «ለምዳዋለች» ሆኖ ነው።

ሳይንሱ እዚያ አልቆመም። ማየር ለዓመታት ከአይጦች ጋር ሠራ። ሁለት አይጦች እኩል ንዝረት፣ እኩል ጊዜ ይቀበላሉ። አንደኛዋ ፊት ትንሽ መንኮራኩር አለ፤ ስታዞረው ንዝረቱ ለሁለቱም ይቆማል። ሁለተኛዋ ብትፍጨረጨርም የምትለውጠው ነገር የለም። ሥቃያቸው አንድ ሆኖ ሳለ ኋላ ላይ የምትፈዘው ሁለተኛዋ ናት። ለምን? ጉዳት ሲራዘም በአንጎል ግንድ ውስጥ ያሉ ሴሮቶኒን የሚያመነጩ ጥቂት ሴሎች ይነቃሉ፤ ሰውነትም ይደነዝዛል። ይህ ትምህርት አይፈልግም፤ ሰውነት በራሱ የሚያደርገው ነው። መንኮራኩሩን ባዞረችው አይጥ ግን ከግንባር ኋላ ያለው የአንጎል ክፍል «ያደረግኩት ነገር ለውጥ አመጣ» የሚለውን ይይዝና እነዚያን ሴሎች ያረጋጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ሙከራ ይህን የፊት ክፍል በመድኃኒት ሲያጠፉት፣ መንኮራኩር የነበራት አይጥም ምንም እንዳልነበራት ፈዘዘች። ከዚህም የሚያስገርመው፣ አስቀድማ መንኮራኩሩን ያወቀች አይጥ በኋላ ማምለጫ የሌለው ንዝረት ቢገጥማት እንኳ በቀላሉ አትፈዝም። እ.ኤ.አ. በ2016 ማየርና ሴሊግማን ራሳቸው የቀድሞ ንድፈ ሐሳባቸው የተገለበጠ እንደነበር ጻፉ። መፍዘዝ አይቀሰምም፤ የሚቀሰመው የራስ ድርጊት ዋጋ እንዳለው ነው።

አይጥ ሴት አይደለችም፤ ልጅ፣ የቤት ኪራይ፣ አማትም የላትም። በሥነ ልቦና ሙያችን ውስጥም ክርክሩ አልበረደም። እ.ኤ.አ. በ1988 ኤድዋርድ ጎንዶልፍና ኤለን ፊሸር በቴክሳስ መጠለያዎች የነበሩ ከ6,000 በላይ ሴቶችን መረጃ መርምረው፣ ጥቃቱ ሲከፋ ሴቶቹ እርዳታ ፍለጋቸው እንደሚበረታ አሳዩ። እነዚህ መጠለያ የደረሱ ሴቶች ናቸው፤ ያልደረሱትን ይወክላሉ ማለት አይቻልም። እኔ ግን ፍለጋው ከምናስበው በላይ በብዙ ቤት አለ ብዬ አምናለሁ።

የአዲስ አበባውን የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ቀጨኔን እንውሰድ። ጀበናና ድስት ሠርታ ቤት የምታስተዳድር ሸክላ ሠሪ የዕቁብ ገንዘቧን ጓደኛዋ ዘንድ ስታስቀምጥ፣ ባሏ ጠጥቶ በሚገባበት ማታ ልጆቿን ጎረቤት ስታሳድር፣ መድኃኔዓለም ስለት ስትሳል እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። አደጋውን ትለካለች፤ ቀን ትመርጣለች። በዚያ ላይ ይህ ሰፈር በእጅ ሥራው ምክንያት «ቡዳ» እየተባለ ለዘመናት የተሰደበ ነው። እንዲህ የተገፋ ሰው ገበናውን ይዞ የማያውቀው ቢሮ ፊት መቆም ቢከብደው ሊደንቀን አይገባም።

በዚያው ጥናት እርዳታ ከጠየቁት ሴቶች አብዛኞቹ የሄዱት ወደ ጎረቤት ወይም ወደ ቤተሰብ ነው፤ ፖሊስ ጋ የደረሱት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ መንኮራኩሩ ያለው ቡና ላይ አብራት የምትቀመጠው ጎረቤት እጅ ነው። «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» ስትላት፣ ሽማግሌም አስታርቆ በዚያው ማታ ወደ ዱላው ሲመልሳት፣ ጣቢያም «የቤት ጉዳይ ነው» ብሎ ሲያሰናብታት፣ አዙራው ምንም ያልቆመላት ሆነች። ከዚያ በኋላ ያለውን ዝምታ ነው «ለመደችው» የምንለው።

ሕጉ የቤት ጉዳይ ነው አይልም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት ወንጀል ነው። አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ ብሎ መገደቡ ግን ትልቅ ጉድለት ነው፤ መስተካከል አለበት። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ ስልኩ 7711 ነው። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው የተቀናጀ አገልግሎት ሕክምናን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን አንድ ቦታ ያገናኛል። ተጎጂዋ በየበሩ ታሪኳን እየደገመች በየበሩ እንዳትመለስ ማድረጉ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ጎረቤቷ «ዛሬውኑ ውጪ» ማለትም የለባትም። ጃክሊን ካምቤል በ11 የአሜሪካ ከተሞች ያደረገችው ጥናት፣ እያንዳንዷን እርምጃ ከሚቆጣጠር ወንድ መለየት የመገደልን አደጋ በብዙ እጥፍ እንደሚያሳድግ አሳይቷል። መቼና እንዴት እንደምትወጣ ከሁሉ በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ጎረቤት ልትጠይቃት የሚገባው «ምን ላድርግልሽ?» ብላ ነው፤ መታወቂያዋንና የልጆቿን የልደት ወረቀት አስቀምጪልኝ ካለቻት ታስቀምጥላት፤ በሌሊት በሩን ብታንኳኳ ትክፈትላት።