የሴቭር ፖርሴሊን፦ ከምልክቱ በፊት ጭቃው

ጥንታዊ የፈረንሳይ ፖርሴሊን ለሚሰበስብ ሰው ከሴቭር የሚበልጥ ስም የለም። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1740 በቫንሴን ተቋቋመ፤ በ1756 በፓሪስና በቬርሳይ መካከል ወዳለችው ሴቭር ተዛወረ። በ1759 ደግሞ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ጠቅልለው ገዙት።

ያን ጊዜ ፈረንሳዮች ለእውነተኛ ፖርሴሊን የሚያስፈልገውን ካኦሊን የተባለ ነጭ አፈር በአገራቸው ገና አላገኙም። የተፈጨ መስታወት መሰል ነገር ከነጭ ጭቃ ጋር እያዋሃዱ «ለስላሳ» የሚባለውን ዓይነት ሠሩ። ይህ ዓይነት ምድጃ ውስጥ ቶሎ ይጣመማል፤ ቢላዋም ይጭረዋል። ነገር ግን ቀለሙ ከላይ ተለጥፎ አይቀርም፤ የሚያብረቀርቀው ሽፋን ውስጥ ይሰርጋል። የሴቭር ሰማያዊና ሮዝ ጥልቀት ያለው የሚመስለው በዚህ ነው። በ1768 በሊሞዥ አቅራቢያ ካኦሊን ሲገኝ ጠንካራው ዓይነት መጣ፤ ለእኔ ግን የቀድሞውን አያህልም።

ጀማሪ ሰብሳቢ ሳህኑን ገልብጦ የሚፈልገው ሁለት የተጠላለፉ የላቲን ኤል ፊደላትን ነው። በመካከላቸው ያለው ፊደል ዓመቱን ይናገራል፤ ኤ ማለት 1753 ነው። ችግሩ ምልክቱን ማንም መሳል መቻሉ ነው። ከ1800 ጀምሮ ፋብሪካውን የመራው አሌክሳንደር ብሮኛር ለስላሳውን ትቶ፣ ያልተቀባውን አሮጌ ክምችት ሸጠው። የገዙት ሠዓሊዎች በድሮው ስልት አስጊጠው፣ የሐሰት ዓመት ጽፈው ቸበቸቡት። ጭቃው የሴቭር፣ ሥዕሉ የሌላ ሰው፤ ከዚህ የከፋ ማታለያ የለም።

ስለዚህ ከምልክቱ በፊት ቀለሙንና ወርቁን ማየት ይሻላል። ክሮሚየም የተገኘው በ1797 ነው፤ በ1760ዎቹ ተሠራ በተባለ ሳህን ላይ ከእሱ የተቀመመ አረንጓዴ ቅጠል ከታየ ነገሩ አለቀ። የጥንቱ ወርቅ ወፍራም ነው፤ አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር ሲታይ በሹል መሣሪያ የተቀረጹ ጥቃቅን መስመሮችና ነጠብጣቦች ይወጣሉ። የኋለኛው አስመሳይ አብዛኛውን ጊዜ ስስና ለጥ ያለ ነው።

የቤተ መንግሥት እመቤቶች መልክ የተሳለባቸው፣ በነሐስ የተሸለሙ ትልልቅ የአበባ ማስቀመጫዎች ለዓይን ይማርካሉ፤ አብዛኞቹ ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው። ለእነሱ በሚወጣው ገንዘብ የተሰነጠቀች ብትሆንም እውነተኛ የስኒ ማስቀመጫ ብትገዙ ይሻላል። መስታወት ባለው ቡፌ ውስጥ በመደገፊያ አቁሟት፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው የሽቦ መንጠቆ ጠርዟን ይሸርፋል። ስትወለውሏትም ወርቁን በስፖንጅ አትፈትጉት።