ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በልጆች ላይ የሚታይ ብግነት

ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚታይ ብግነት የልጁ ሰውነት ለቀዶ ሕክምናውና በሕክምናው ጊዜ ለሚያገለግለው የልብና ሳንባ ማሽን የሚሰጠው፣ መላ አካልን የሚያዳርስ ምላሽ ነው። በባክቴሪያ የመጣ በሽታ አይደለም፤ የሐኪም ስሕተትም አይደለም። በማሽኑ እየታገዘ ልቡ የተከፈተ ልጅ ሁሉ ብዙም ሆነ ትንሽ ያገኘዋል። በአብዛኞቹ ልጆች በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበርዳል። በአንዳንዶቹ ግን ልብን፣ ሳንባንና ኩላሊትን እስከመጉዳት ይደርሳል። ስለዚህ የልብ ቀዶ ሕክምና ውጤት የሚወሰነው በቀዶ ሕክምናው ክፍል ብቻ ሳይሆን ልጁ ከዚያ ከወጣ በኋላ ባሉት አንድና ሁለት ቀናት ጭምር ነው።

ብግነት ምንድን ነው?

እሾህ የወጋው እግር ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል። ይህ ብግነት ነው፤ ሐኪሞች ኢንፍላሜሽን ይሉታል። በተጎዳው ቦታ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸውም ይላላል። ፈሳሽና ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ሥር ወጥተው ወደ ቁስሉ ይገባሉ፣ ጀርም ይገድላሉ፣ የሞተውን ያጸዳሉ፣ ለጥገናም መንገድ ይከፍታሉ። በአንድ ቦታ ተወስኖ ሲቀር ብግነት ጠቃሚ ነው። ችግር የሚመጣው እንደ እሾህ ቁስል በአንድ ቦታ ሳይወሰን በመላ ሰውነት በአንድ ጊዜ ሲነሣ ነው።

መንስኤዎቹ

በልብ ውስጥ ያለ ቀዳዳ ለመድፈን ወይም ቫልቭ ለመጠገን ብዙውን ጊዜ ልብ እንዲቆም ይደረጋል። በዚያ ጊዜ ደሙን ኦክስጅን እያቀበለ ወደ ሰውነት የሚገፋው የልብና ሳንባ ማሽን ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ጊቦን ይህን ዓይነት ማሽን በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በስኬት የተጠቀመው እ.ኤ.አ. በ1953 ነበር። ብግነቱን የሚያስነሡት ዋና ዋና ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

• ደም ከፕላስቲክ ጋር መገናኘቱ። ደም በተፈጥሮው የሚያውቀው የደም ሥርን የውስጥ ሽፋን ብቻ ነው። የማሽኑን ቱቦዎች ሲነካ እንደ ባዕድ ነገር ይቆጥራቸዋል። ኮምፕልመንት የሚባሉት የደም ፕሮቲኖች ይነቃሉ፣ ነጭ የደም ሕዋሳትም ሳይቶካይን የተባሉ የማስጠንቀቂያ ኬሚካሎችን ይለቅቃሉ።
• ደም ተቋርጦ መመለሱ። ልብ በቆመበት ጊዜ የልብ ጡንቻና ሳንባ የሚደርሳቸው ደም ይቋረጣል ወይም ይቀንሳል። ደሙ ሲመለስ ራሱን የቻለ ጉዳት ያስከትላል።
• ከአንጀት የሚያመልጡ የባክቴሪያ ቅንጣቶች። አንጀት በቂ ደም ሳያገኝ ሲቆይ ግድግዳው ስለሚላላ ቅንጣቶቹ ወደ ደም ይገባሉ።
• ቀዶ ሕክምናው ራሱ። የደረት አጥንት መሰንጠቁና የሚሰጠው ደም ምላሹን ያባብሱታል።

በሕፃናት ላይ ለምን ይከፋል?

የአዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። የሕፃን ደም ግን በአንድ ኪሎ ክብደት 80 ሚሊ ሊትር አካባቢ ስለሆነ፣ 3 ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ ያለው ደም ሩብ ሊትር ያህል ብቻ ነው። የማሽኑ ቱቦዎች ከመነሻው በፈሳሽና በደም መሞላት አለባቸው፤ ይህ መሙያ ከጨቅላው የራሱ ደም ሊስተካከል ወይም ሊበልጥ ይችላል። ደሙ ይቀጥናል፣ ከሰውነቱ መጠን አንጻርም የሚነካው የፕላስቲክ ስፋት ብዙ ነው። የጨቅላ ኩላሊትና ሳንባ ገና ያልጠነከሩ መሆናቸውም ጉዳቱን ያከብደዋል።

ምልክቶቹ

ቀጫጭን የደም ሥሮች ፈሳሽ ስለሚያሾልኩ የልጁ ፊትና የዓይን ቆብ ያብጣል። የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሽንት ይቀንሳል፣ ሳንባ ውኃ ስለሚቋጥር ልጁ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ይቆያል። ልብ ደም የመግፋት ኃይሉ ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው ከ6 እስከ 18 ሰዓት ባለው ጊዜ ይቀንሳል። ልጁ ደኅና ሆኖ ወጥቶ ሌሊት ላይ ሊደክም የሚችለው ስለዚህ ነው። ትኩሳትም አለ፤ ትኩሳቱ ከብግነት ይሁን ከኢንፌክሽን ለመለየት የደም ምርመራና የቅርብ ክትትል ያስፈልጋል።

መከላከያና ሕክምና

ብግነቱን ጨርሶ ማስቀረት አይቻልም፤ መቀነስ ግን ይቻላል። አጫጭር ቱቦዎችና አነስተኛ ማሽኖች ይመረጣሉ፤ ልጁ በማሽኑ ላይ የሚቆይበት ጊዜም በተቻለ መጠን ይታጠራል። በቀዶ ሕክምናው ማብቂያ ትርፉን ፈሳሽ ከደም የሚያጣራው ዘዴ በለንደን የግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል ሐኪሞች በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተዋወቀ ሲሆን ዛሬ በብዙ ቦታ ይሠራበታል።

ስቴሮይድ ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት በመሆኑ ለረጅም ዓመታት ለሕፃናቱ ሲሰጥ ቆይቷል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ በአሜሪካ በ24 ሆስፒታሎች በ1,200 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደርስን ሞትና ከባድ ጉዳት በጉልህ እንደማይቀንስ አሳይቷል። መድኃኒቱን ካገኙት መካከልም የደም ስኳራቸው ከፍ ብሎ ኢንሱሊን ያስፈለጋቸው በዝተው ተገኝተዋል። የቀረው ሕክምና ድጋፍ ነው፦ ልብን የሚያበረቱ መድኃኒቶች፣ መተንፈሻ ማሽን፣ ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት፣ ሲያስፈልግም የኩላሊት እጥበት።

በኢትዮጵያ

በዶ/ር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በመጀመሪያ ልጆችን ወደ ውጭ አገር እየላከ ያሳክም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች በሺዎች ይቆጠራሉ። ወረፋውን ለማሳጠር የቀዶ ሐኪም ብቻ አይበቃም፤ ብግነቱ እስኪያልፍ ልጁን ሌት ተቀን የሚከታተሉ ነርሶች፣ አልጋና መተንፈሻ ማሽንም ያስፈልጋል።

በአገራችን ለልብ ቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉ ምክንያቶች አንዱ የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፤ እርሱም የሚጀምረው በብግነት ነው። በምሥራቅ ጎጃም በደብረ ኤልያስ የምትኖር የ8 ዓመት ልጅ ጉሮሮዋን አመማት እንበል። ቤተሰቡ «እንጥሏ ወርዶ ነው» ብሎ ሊያስቆርጣት ይችላል። እንጥል መቁረጥ ግን ስትሬፕቶኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ አያጠፋም። ሰውነቷ ባክቴሪያውን ሲዋጋ ተሳስቶ የራሷን የልብ ቫልቭ ያቆጣል። ዓመታት ቆይቶ ትንፋሽ ሲያጥራት ከጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደ አዲስ አበባ ትላካለች። በመጀመሪያው ብግነት የተጎዳው ልቧ በማሽኑ የሚነሣውን ሁለተኛውን ብግነት ይጋፈጣል። ወረፋው በረዘመ መጠን ልቧ ይደክማል፣ የመቋቋም አቅሟም ያንሳል።

ሁለተኛው ብግነት የማይቀር ነው፤ የመጀመሪያው ግን ሊቀር ይችላል። በባክቴሪያው የመጣ የጉሮሮ ሕመም በጀመረ በ9 ቀናት ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠ የቫልቭ ጉዳቱን መከላከል ይቻላል። በሽታው አንዴ ከያዘም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠው የፔኒሲሊን መርፌ እንዳያገረሽ ይከላከላል። ቫልቩ በቀዶ ሕክምና ቢጠገንም መርፌው አይቋረጥም።

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ

አንዳንድ ልጆች ከቀዶ ሕክምናው ከአንድ እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ በልብ ከረጢት ላይ ብግነት ይነሣባቸዋል። ምልክቶቹ ትኩሳት፣ ሲተነፍሱ የሚብስ የደረት ሕመም፣ ድካምና የምግብ ፍላጎት ማጣት ናቸው። በከረጢቱ ውስጥ ውኃ ተቋጥሮ ልብን ሊጫን ስለሚችልና ትኩሳቱ የቫልቭ ኢንፌክሽንም ሊሆን ስለሚችል፣ ልጁ ሳይውል ሳያድር በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ተወስዶ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት መሆኑ መነገር አለበት።